«ልዩ ልዩ» የተባለው ሳጥን

አንድ ሰው ነበረ። ጥር አሥራ አራት ቀን ከቀትር በኋላ፣ ለልጁ የላከው ሳጥን ከጀልባ ላይ ወደ ባሕር ተጣለ። ማዕበሉ በዚያ ቀን ከጀልባዋ ሌላ ስድስት ሳጥን አስጥሏል፤ ሰው ግን አልሞተም። ጀልባዋም በማግስቱ ወደቧ ገባች።

ሼህ እንድሪስ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። የሚያዳምጣቸው አራጋው የሚባል የባቲ ሰው ነበር። ሚስቱ ዘምዘም ቤቷን ጥላ ከወጣች አራት ወር ሆኗታል። በነጋታው ጠዋት ሽማግሌዎች ሁለቱን ሊያስታርቁ ቀጥረዋል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ እንድሪስ ናቸው። አራጋው ከቀጠሮው ቀድሞ ቤታቸው መጣና ጠየቃቸው።

«ሼሁ፣ ነገ ‹ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በይኝ› ብላት አይበቃም ወይ? ሁሉ ካልኩ እኮ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አንድ በአንድ እየጠሩ መዘርዘሩ ለማን ይበጃል? ለጆሮስ ምን ደስ ይላል?»

ሼህ እንድሪስ በጎልማሳነታቸው ወደብ ላይ ዕቃ ሲቆጥሩ ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ይበቃልም አይበቃምም አላሉትም። የዚያን ሰው ነገር አነሡለት።

ሰውየው ዕቃ ላኪ ነበር። የሚኖረው በባሕሩ ወዲያ ማዶ፣ ገበያዋ በደራ ትልቅ ወደብ ነው። በወዲህ ማዶ ደግሞ አሸዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። አገሩ ሌላ፣ ባንዲራው ሌላ ነው፤ የሚታጠቡበት ሳሙናና እሳት የሚጭሩበት ክብሪት ግን ከወዲያ ማዶ ነው የሚመጣው። የትንሿ ከተማ ባለሱቆች የሚፈልጉትን በመርከበኞች አፍ ይልኩበታል። እሱ ከገበያ ይገዛል፣ በሳጥን ያሽጋል፣ የጭነት ዝርዝር ይጽፋል፣ በእንጨት ጀልባ ይልካል።

የሚላከው ዕቃ ዓይነቱ ብዙ፣ መጠኑ ትንሽ ነበር። አንዱ ባለሱቅ ሦስት ደርዘን ሸበጥ ያዛል። ሌላው የዱቄት ወተት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፋኖስ ብርጭቆ ይላል። አንዷ መርፌና ክር፣ ሁለት ቴርሞስ፣ የልጅ ከረሜላ ትፈልጋለች። ስለዚህ ከማሸጉ ይልቅ መጻፉ ይከብድ ነበር። ሰውየው በዚህ ሥራ የተመሰገነ ነው። አንድም ቀን የአንዱን ለአንዱ ሰጥቶ አያውቅም ይባላል።

ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች። አንዲት ልጁን በትንሿ ከተማ ያሳደገችለት እህቱ ናት። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት የሚጥል በሽታ ያዛት። በዚያች ከተማ የዚህን በሽታ ስም የሚጠራ የለም፤ «ያ ነገር» ይሉታል። ያ ነገር ላለበት ቤት ልጅ ለጋብቻ አይሰጥም፣ ከዚያም ቤት አይወሰድም። እህቱ ጎረቤት እንዳያውቅ ልጅቷን ደብቃ አኖረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አባትዋ ባሕር አሻግሮ ሐኪም አሳያት። ሐኪሙ ትንንሽ ነጭ ክኒን ሰጠና፦ «በቀን አንድ። የተሻላት ቢመስላችሁም አንድ ቀን እንዳይቋረጥ» አለ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አልወደቀችም።

ክኒኑን የሚልከው አባትዋ ነው። ጀልባ በሄደ ቁጥር ከሌላው ዕቃ ጋር ይልከዋል። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነበር።

በትንሿ ከተማ ጀልባ ስትገባ አንድ ልማድ አለ። ባለዕቃዎቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ጭቅጭቅም እንዳይነሣ ተብሎ ማንም ዕቃ ከመንካቱ በፊት ዝርዝሩ በባሕሩ ዳር ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሚያነበው የከተማዋ የቴሌግራም ሠራተኛ ነው። ድምፁ ነጋሪት ነበር። የባለቤቱን ስም ይጠራል፣ ቀጥሎ ዕቃውን ይጠራል፣ ባለቤቱ «የኔ ነው» ይላል። ጀልባ የገባች ቀን ሥራ ያለውም የሌለውም እዚያው ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ያ አንባቢ፦ «ሐጂ! የፀጉር ማጥቆሪያ፣ ሁለት ብልቃጥ!» ብሎ ጮኸ።

ሐጂው በቅርቡ ወጣት ሴት ለማግባት ሽማግሌ ልከው ነበር። «የኔ ነው» ማለት አቃታቸው።

«አንዱ ብልቃጥ ለጺማቸው ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ኧረ ለቅንድባቸውስ? ሦስተኛ ያስፈልጋል!» አለች ሌላዋ።

ባሕር ዳሩ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ብልቃጥ ተባሉ። በሚቀጥለው ጀልባ ወደ ዕቃ ላኪው መልእክት ሰደዱ፦ «ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ከእንግዲህ የኔን ዕቃ ‹ልዩ ልዩ› ብለህ ጻፈው።»

ዕቃ ላኪው ጻፈላቸው። ይህን የሰሙ ሌሎችም የኔንም የኔንም አሉ። የውስጥ ልብስ የምታዝ ሴት ነበረች፤ ለቡአው መታጠቂያ የሚያስመጣ ሰው ነበረ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ሳጥን «ልዩ ልዩ» እየተባለ መሄድ ጀመረ። አንባቢው «ልዩ ልዩ፣ አንድ ሳጥን» ይላል፤ ባለቤቶቹ ዝም ብለው ይቆያሉ፤ በኋላ የዕቃ ላኪው እህት ቤት እየሄዱ የየራሳቸውን ይወስዳሉ።

ሰውየው የልጁንም ክኒን በብስኩት ቆርቆሮ እየከተተ እዚያ ሳጥን ውስጥ አደረገው። ከዚያ የተሻለ መሸሸጊያ አልታየውም። ማንም አልጠየቀውም፤ እህቱም «አላህ ይስጥህ፣ አሁን በሰላም ተነፈስኩ» ብላ ላከችበት።

መርከበኞችም የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ማዕበል ሲነሣና ጀልባ ሲከብዳት ከጭነቱ ይጣላል። ምን እንደሚጣል የሚወስነው የጀልባዋ አዛዥ ነው፤ የባሕር ሰዎች ናኹዳ ይሉታል። ናኹዳው ዝርዝሩን በመርከበኞቹ ፊት ያስነብባል። መድኃኒትና ምግብ አይነካም። ስሙ የተጻፈ ዕቃ ከተጣለ ናኹዳው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ መልስ ይሰጥበታል። ስሙ ባልተጻፈ ዕቃ ግን የሚጠይቀው የለም፤ ምን ላክህ ሲባል ልዩ ልዩ፣ ምን ጣልክ ሲባል ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ ሕጋቸው አጭር ነበረች፦ «ስም የሌለው ይቅደም።»

ዕቃ ላኪው ይህን ሕግ ያውቃል። ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ሰምቶታል። ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ ከሳጥኖቹ አንድም አልተጣለም። አራት ዓመት ምንም ሳይሆን የቆየ ነገር ደግሞ ምንም የማይሆን ይመስላል።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለልጅቷ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ከዚያው ጀልባ መርከበኞች አንዱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ሥራ የማይመርጥ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። አባትዋ ደስ አለው፤ ፈራም። ያ ነገር ካለባት እንዴት ዝም ብዬ እሰጣለሁ ብሎ ሦስት ሌሊት አልተኛም። መጨረሻ ላይ ለራሱ እንዲህ አለ፦ «ኒካሑ ይታሰር። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ኒካሑ ለየካቲት መጨረሻ ተቆረጠ።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ጀልባዋ ስትጫን ሰውየው እንደ ልማዱ ከወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። የልጅቷ እጮኛ ሳጥን እየተሸከመ ወደ ጀልባዋ ይመላለሳል። ጓደኞቹ ይቀልዱበታል።

«አንተ! አማትህ እያዩህ ነው፣ ሁለት ሁለት ተሸከም እንጂ!»

«ተዉት፣ ጉልበቱን ለየካቲት እያጠራቀመ ነው!»

እጮኛው ሳቀና አንገቱን ደፋ። በሰውየው አጠገብ ሲያልፍ «አባባ፣ ፀሐዩ ከበደ፣ ጥላው ጋ ይቀመጡ» አለው።

ናኹዳው ሰማዩን ሲያይ ቆይቶ መጣ። ጥር ላይ ከደቡብ የሚነሣው ነፋስ ክፉ ነው። ዝርዝሩን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ አነበበና አንዱ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ ልዩ ልዩህ ምንድነው?»

«ያው የሴቶች ዕቃ፣ ምኑም ምኑም ነው።»

«ዛሬ ነፋሱ አላማረኝም። ስም ስጠው። መስታወት ከሆነ ከመሐል አስቀምጠዋለሁ። መድኃኒት ካለበትም ንገረኝ፣ ከራስጌዬ አደርገዋለሁ። የሚጠቅም ነገር ካለው አንዲት ቃል ጻፍበት።»

እርሳሱን ዘረጋለት።

ሰውየው እርሳሱን ተቀበለ። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። እጮኛው ግን ያንኑ ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሟል፤ ወዴት እንደሚያስቀምጠው እስኪነገረው ይጠብቃል። ሰውየው «መድኃኒት» ብሎ ቢጽፍ ጀልባዋ ስትደርስ ባሕር ዳር ላይ ይነበባል። ለማን? ይባላል። ምን ያማታል? ይባላል። ኒካሑ ሊታሰር የቀረው ወር ከምናምን ነው።

እርሳሱን መለሰለት። «ልዩ ልዩ ነው» አለ። «እንዲሁ ይሂድ።»

ናኹዳው ትከሻውን ነቀነቀ። ለእጮኛውም «ከጠርዝ አስቀምጠው» አለው።

በማግስቱ በባሕሩ መሐል የሆነውን ሰውየው የሰማው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ውሃ በጎን ገባ። ናኹዳው ጀልባዋ ትቅለል አለ፤ አንድ መርከበኛ ምሰሶውን በአንድ እጁ አቅፎ ዝርዝሩን አነበበ። የዱቄት ወተት ተባለ፤ ይቆይ። ብርድ ልብስ፤ ይቆይ። ሸበጥ፤ ይቆይ። ልዩ ልዩ። ናኹዳው እጁን አወናጨፈ። ከሳጥኑ አጠገብ የነበረው እጮኛው ነው። በሁለት እጁ ገፋው፤ ሳጥኑም ለጥቂት ጊዜ ተንሳፍፎ ሰመጠ። ከዚያ በኋላ የብረት ሰሃንና የባትሪ ድንጋይ የያዙ ስድስት ከባድ ሳጥኖች ተጣሉ። አመሻሽ ላይ ነፋሱ በረደ።

ጀልባዋ ጥር አሥራ አምስት ቀን ገባች። ዝርዝሩ እንደ ልማዱ ተነበበ። የተጣለው ሲደርስ አንባቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሕር ወስዶታል» ይላል። የብረት ሰሃኑ ባለቤት ራሱን ያዘ። የባትሪ ድንጋዩ ባለቤት ተሳደበ። «ልዩ ልዩ፣ አንድ ሳጥን፣ ባሕር ወስዶታል» ሲባል ግን ሕዝቡ ሳቀ።

«በቃ፣ ሐጂ ብልቃጥ ሸበቱ!» አለ አንዱ።

«ዓሣው ሁሉ ሊጠቁር ነው!»

ልጅቷ ከአክስትዋ ጋር እዚያው ቆማ ነበር። ምን ትበል? ሐጂውም፣ የውስጥ ልብስ ያዘዘችውም፣ መታጠቂያ የሚጠብቀውም ሰው ምንም አላሉም። እጮኛዋ ከጀልባ ወርዶ መጣና ከአክስትዋ ጎን ቆሞ ልጅቷን አነጋገራት።

«የአባባን ሳጥን የጣልኩት እኔ ነኝ። ናኹዳው አዞኝ ነው። የምትፈልጊው ነገር ነበረበት?»

«ልዩ ልዩ ነው» አለችው። «እናንተ በሰላም ገባችሁ፣ እሱ ነው ዋናው።»

በእጅዋ የቀረው ዘጠኝ ክኒን ነበር።

ጀልባዋ ተመልሳ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ወዲያ ማዶ ስትደርስ ዕቃ ላኪው የሳጥኑን ነገር ሰማ። በዚያው ሰዓት ሐኪሙ ዘንድ ሮጦ ሌላ ክኒን አስወጣ። በሚቀጥለው ጀልባ ራሱ ይዞ ሊሄድ ቆረጠ። ነፋሱ ግን ወደቡን ዘጋው። አንድም ጀልባ አይወጣም ተባለ።

ጥር ሃያ አራት ቀን ቴሌግራም ቤት ሄደ። ከትንሿ ከተማ በጭነት መኪና የሁለት ቀን መንገድ ላይ ሆስፒታል እንዳለ ያውቃል። ክኒኑ እዚያ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ በኋላ ሲጠየቅ ግን እዚያ እንደነበረ ታወቀ። «ክኒኑ ከማለቁ በፊት ወደ ሆስፒታል ውሰጃት» ብሎ ለእህቱ መጻፍ ይችል ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ቆመ። ወዲህ ማዶ ቴሌግራሙን የሚቀበለው ያው ባለ ነጋሪት ድምፁ ሰው ነው። መልእክት ሲመጣ ቤት ድረስ አይሄድም፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይጮኻል።

ከኋላው ሰው ተሰልፏል። «ወንድም፣ ግጥም እየገጠምክ ነው?» አለው አንዱ።

ሰውየው ጻፈ፦ «ልዩ ልዩው እየመጣ ነው። ጠብቂ።»

ቴሌግራሙ በዚያው ቀን ደረሰ። ከመንገድም ተጮኸ። ልጅቷ ሰማች፣ ገባትም። አባቴ ይዞ እየመጣ ነው ብላ ስላመነች ለአክስትዋ እንኳ ክኒኑ እያለቀ መሆኑን አልነገረቻትም። አክስትዋ ስትጠይቃት «አለኝ፣ ይበቃኛል» ትላት ነበር። እያንዳንዱን ክኒን በምላጭ ለሁለት እየከፈለች ዘጠኙን አሥራ ስምንት ቀን አደረሰቻቸው። የመጨረሻዋን ግማሽ የዋጠችው የካቲት ሁለት ቀን ነው።

የካቲት ሦስት ቀን ጠዋት የሰሌን ምንጣፍ ልታጥብ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። ሰው በአቅራቢያ አልነበረም። ያገኟት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር፤ በፊትዋ ተደፍታ ነው ያገኟት።

ወደቡ የካቲት አራት ቀን ተከፈተ። ዕቃ ላኪው በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሳፈረ። ክኒኑን በኪሱ አላደረገውም፤ በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ በእጁ ይዞት ነበር። ጀልባዋ ከመድረስዋ በፊት በባሕሩ ዳር የተሰበሰበውን ሰው አየ። ማንም አይጮኽም። ዝርዝሩንም የሚያነብ አልነበረም። ያን ጊዜ አወቀ።

ቀብሩ አልፏል። እህቱ ቤት ገብቶ የልጅቷን መደብ አየ። ከመደቡ ግርጌ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ነበረ። በሰሃኑ ላይ ምላጩ የቧጨረው ብዙ መስመር ነበር፤ በመስመሮቹም ውስጥ ትንሽ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ሰውየው መስመሮቹን ቆጠራቸው። ዘጠኝ ናቸው። ሰሃኑን አስቀመጠና እህቱን ጠየቃት።

«ለምን ለሰው አልተናገረችም?»

«ማን አስተምሯት?» አለች እህቱ።

ለቅሶ ለመድረስ የመጣው ሁሉ ምን ሆና እንደሞተች ጠየቀ። ሰውየው ለጠየቀው ሁሉ የበሽታውን ስም ጠርቶ ተናገረ። አንዳንዶቹ ደነገጡ፤ አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በኋላ ዕቃ መላኩን አልተወም፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በጻፈው ዝርዝር ላይ ልዩ ልዩ የሚል ቃል አይገኝም። ሐጂው ቢለምኑትም እንቢ አለ። ሐጂውም ማጥቆሪያውን ተዉት።

ሼህ እንድሪስ ነገሩን እዚህ ላይ አቁመው ወደ አራጋው ዞሩ።

«እንግዲህ አራጋው፣ ‹ሁሉ› ያልከኝ የዚያ ሰው ሳጥን ነው። ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ ብለሃል፤ እውነትህን ነው፣ የሰውየውም ሁሉም ውስጡ ነበረ። ነገ ዘምዘም ይቅር ትልህ ይሆናል፣ ቤቷም ትመለስ ይሆናል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ በሆነ ነገር ትጋጫላችሁ። ባልና ሚስት ናችሁና ነፋስ አይቀርም። ያን ጊዜ ቀድማ የምትጥለው ይህን ይቅርታህን ነው። ምን እንዳለበት አልተነገራትማ፤ ምን ብላ ትያዘው? ያጠፋኸውን ስሙን ጠርተህ ስጣት። ቢከብዳትም የምትይዘውን ታውቃለች።»

አራጋው አልተዋጠለትም።

«ሼሁ፣ የኔ ይለያል» አለ። «ያ ሰው የደበቀው ከማያውቁት ነው። እጮኛው አያውቅ፣ ናኹዳው አያውቅ። ዘምዘም ግን ታውቃለች። እናቷን ስትቀብር እኔ ኮምቦልቻ ማን ቤት እንደነበርኩ እሷም ታውቃለች፣ ባቲም አንድ ሳይቀር ያውቃል። የሚታወቅን ነገር ስሙን ብጠራው ምን ይጨምርላታል?»

«እጮኛውም ያውቅ ነበር» አሉ ሼህ እንድሪስ።

ዕቃ ላኪው ይህን የሰማው ከቀብሩ በኋላ በሰባተኛው ቀን ነው። እጮኛው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ነገረው። ልጅቷ በአሥራ አንድ ዓመቷ ውሃ መቅጃው ጋ የወደቀች ጊዜ ያነሣቻት የእሱ እናት ናት። ሽማግሌ ሊልኩ ሲሉ እናቱ ይህንኑ አስቀድማ ነገረችው፤ እሱም ቢሆንም እሷን ነው የምፈልገው አለ። እነሱ ራሳቸው እስኪነግሩን ድረስ እንዳናሳፍራቸው ዝም እንበል ተባባሉ። መድኃኒት እንደምትወስድ ጠርጥሯል። በባሕር የሚመጣላት ከሆነ ከራስጌው ሊያስቀምጠው ፈልጎ፣ ከታጨች ጀምሮ ዝርዝሩ በተነበበ ቁጥር ከስሟም ከአባትዋም ስም ቀጥሎ ያን ቃል ይጠብቅ ነበር። በየጉዞው ጠብቆ ስላልሰማ ከሆስፒታሉ በየብስ የሚመጣላት መሰለው። ያም ሆኖ ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ውሃው በጎን እየገባ ዝርዝሩ ሲነበብ፣ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ «መድኃኒት» እስኪባል ጠበቀ። አልተባለም። ያን ጊዜ ገፋው።